የኮት ፒን፣ «ኢየሱስ ይቅደም»

ወርቃማ ቀለም ያለው ብረት፤ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፤ ሊንችበርግ፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

በኮሌታ ላይ ይሰካል፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ፓስተር ጄሪ ፎልዌል «ኦልድ ታይም ጎስፔል አወር» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ፕሮግራማቸውን እየተከታተሉ ደብዳቤ ለሚጽፉላቸው ሰዎች ፒኑን በነጻ በፖስታ ይልኩ ነበር። ራሳቸውም ያደርጉት ነበር። የጠያቂው ስምና አድራሻ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ቀጥሎ የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። የፎልዌል አቅም ከመድረኩ ይልቅ በዚህ መዝገብ ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

ፎልዌል በ1965 የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ሰልፈኞች ከሰልማ ከተማ ሲነሡ፣ ሰባኪ የተጠራው ነፍስ ለማዳን እንጂ ለፖለቲካ አይደለም ብለው ሰብከዋል። የዘር መለያየትንም ይደግፉ ነበር፤ ሁለቱንም አቋሞች ኋላ ትተዋቸዋል። በ1979 «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሥርተው ፅንስ ማስወረድንና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት ተቃወሙ፤ በ1980ው የፕሬዚዳንት ምርጫም ከዕጩው ሮናልድ ሬገን ጎን ቆሙ። ድርጅቱ በ1989 ፈረሰ።

ብዙዎችን ክፉኛ ያቆሰለው ንግግራቸው ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 የሽብር ጥቃት ሁለት ቀን በኋላ፣ ለአደጋው ፅንስ አስወራጆች፣ ፌሚኒስቶችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች አስተዋጽኦ አድርገዋል ሲሉ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ተቃውሞው ከወዳጆቻቸውም መጣ፤ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ።