ታቦት በላስታ፥ ታንኳ በጣና

በላስታ ደጋ ተወልዶ ያረጀ ሰው፥ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ታንኳ ሲቀዘፍ ሳያይ ቢሞት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከበላይዋም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። ወንዞቹ በክረምት የሚሞሉ፥ በበጋ የሚጎድሉ፥ በገደል ውስጥ የሚወርዱ ስለ ሆኑ ለጀልባ አይመቹም። ነገር ግን በዚሁ አገር የኖኅን መርከብና ሕፃኑ ሙሴ የተኛባትን ሣጥን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ልጅ አይገኝም። እንግዲህ ዕቃው በሌለበት አገር ስሙ በምን መልክ ይኖራል? ዕቃውስ ራሱ የት ይገኛል? የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ መጽሐፉ የሚለውን እንመልከት። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 የሙሴ እናት ልጅዋን በዓባይ ዳር ያኖረችው ከደንገል በተሠራና በዝፍት በተለቀለቀ ሣጥን ውስጥ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ከኩሽ ወንዞች ማዶ ያለው አገር መልእክተኞቹን በደንገል ጀልባ በውኃ ላይ እንደሚልክ ይናገራል። ኢዮብም በምዕራፍ 9 የዕድሜውን መፍጠን በውኃ ላይ በሚያልፍ የሸምበቆ ጀልባ ይመስለዋል። ሰብዓ ሊቃናት ግን የኢሳይያስን ቃል ወደ ግሪክ ሲመልሱ «የደንገል ጀልባ» በማለት ፈንታ «የደንገል ደብዳቤ» ብለው ተርጕመዋል። ይህም የሆነበት ምክንያት የሚያስቸግር አይመስልም፤ በእነርሱ ዘመን በግብፅ ደንገል ለጀልባም ለወረቀትም ያገለግል ነበርና።

ከዚህ ቀጥሎ የስሙን ነገር እንመርምር። በዕብራይስጥ የኖኅ መርከብና የሙሴ ሣጥን የሚጠሩት «ቴባ» በሚባል በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉም በመጽሐፍ ቅዱስ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ለሌላ ዕቃ አልተነገረም። የቃል ኪዳኑ ታቦት በዕብራይስጥ የተለየ ስም አለው። በግሪኩ ትርጕም ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የኖኅ መርከብና የቃል ኪዳኑ ታቦት «ኪቦቶስ» በሚባል በአንድ ስም ሲጠሩ፥ የሙሴ ሣጥን ለብቻዋ ትቀራለች። ግእዙም የግሪኩን መንገድ ተከትሎ የኖኅን መርከብና የቃል ኪዳኑን ማኅደር ሁለቱንም «ታቦት» ይላቸዋል። ሆኖም ቃሉ ራሱ ከግሪክ የመጣ አይደለም፤ ሊቃውንት በአራማይስጥ በኩል ከዚያው ከዕብራይስጡ «ቴባ» ጋር ያገናኙታል።

ስለዚህ በላስታ የጀልባው ስም አልጠፋም ማለት ነው፤ በየቤተ መቅደሱ በመንበሩ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። በውኃ ላይ ሰውን ያዳነው ዕቃ የተጠራበት ስም፥ ውኃ በሌለበት ተራራ ላይ የሕዝቡ ታላቅ ክብር ስም ሆኗል። ይህ ታቦት በዓመት አንድ ጊዜ፥ በጥምቀት ዋዜማ፥ በካህናት ራስ ላይ ሆኖ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳል። የበዓሉ ምክንያት የጌታ ጥምቀት እንጂ የጥፋት ውኃ አይደለም፤ ቢሆንም የቃሉን ዘር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ኖኅን ሳያስታውስ አይቀርም። በላሊበላ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስን ከኖኅ መርከብ ጋር የሚያመሳስሉ ብዙዎች ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት ወገን የሚከፍለውም መውረጃ ዮርዳኖስ ይባላል።

የላስታ ውኃ ራሱም ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በጥልቅ ሸለቆ ይወርድና ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ በላስታ የዘነበው የክረምት ዝናብ ከሚያልፍባቸው አገሮች አንዱ የሙሴ ሣጥን የተቀመጠችበት አገር ግብፅ ነው።

አሁን ከስሙ ወደ ዕቃው እንለፍ። በሰቃራ በሚገኙት የጥንት ግብፃውያን መቃብሮች ግድግዳ ላይ ሰዎች ደንገል ሲያጭዱ፥ ነዶውን ሲሸከሙና ጀልባ ሲያስሩ ተቀርጾ ይታያል። የኖኅንም መርከብ በሚመለከት፥ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያጠኑት ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1954 አንድ አሳብ አቅርበዋል። በዘፍጥረት 6፥14 «ክፍሎች» ተብሎ የሚተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል፥ አናባቢው ጥቂት ቢለወጥ «ሸምበቆ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል ማለታቸው ነው። ይህ አሳብ እንጂ የተፈጸመ ማስረጃ አይደለም።

በግብፅ ግን ደንገል ከዱር ሊጠፋ ሲቃረብ ጀልባውም ጠፋ። በአገራችን በጣና ሐይቅ ላይ ግን ሁለቱም ቆዩ። በ1770 ጎንደር የደረሰው ጄምስ ብሩስ የጣናን የደንገል ጀልባ አይቶ ከጥንቱ የግብፅ ጀልባ ጋር አነጻጽሮታል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ደንገሉ ይታጨዳል፥ በፀሐይ ይደርቃል፥ በነዶ በነዶ እየሆነ በጠፍር ይጠብቃል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀናል። ተሳፋሪው ውኃ እንዳይነካው በውስጡ ሌላ ደንገል ይነጠፍበታል። ቀዛፊውም በረዥም ዘንግ ይቀዝፈዋል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ በመጨረሻም ይበሰብስና በሌላ ይተካል።

የዚህ ታንኳ ኃይል በዓለም ፊት የታወቀው በ1969 ነው። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል ደንገሉን ከጣና አስመጥቶ፥ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ተነሥታ ወደ ምዕራብ ከተጓዘች በኋላ ከካሪብ ደሴቶች ሳትደርስ ፈረሰች። በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች የሠሯት ሁለተኛይቱ «ራ» ግን አትላንቲክን በ57 ቀን ተሻግራ ባርባዶስ ገባች። ይህም ደንገል ውቅያኖስን ሊችል እንደሚችል አሳየ እንጂ፥ ጥንታውያን በርግጥ ተሻግረዋል ለማለት አያበቃም።

እንግዲህ ለአንባቢ አንድ ነገር ማመልከት እንወዳለን። የላስታ ሥራ ዓለት ነው፤ ሠሪዎቹ ካለፉ 800 ዓመት ያህል ቢሆንም ቆሞ ስለ ራሱ ይናገራል፤ በ1978ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጣና ሥራ ግን ደንገል ነው፤ ምንም ያህል ቢጠብቁት ረዥም ዕድሜ የለውም። እስከ ዛሬ የደረሰው አባት ለልጅ እጁን ስላስተማረ ብቻ ነው። ይህን ጥበብ በተለይ ይዘው ያቆዩት ወይጦዎች ናቸው፤ ጉማሬ አዳኞች ነበሩና በዚያ ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ሲንቋቸውና ሲያርቋቸው ኖረዋል። በመጽሐፍ የሚነበበውን የደንገል ዕቃ እያከበሩ፥ የደንገልን ዕቃ የሚሠራውን ሰው መናቅ የማይስማማ ነገር ነው።

ዛሬ የሐይቁ ዳር እየታረሰ ደንገሉ ቀንሷል፤ በ2011 በጣና መታየቱ የተረጋገጠው እንቦጭም ዳርቻውን አስጨንቋል፤ የሞተር ጀልባም የታንኳን ሥራ ወስዷል። ሙያው የተቋረጠ እንደ ሆነ ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣ ፍርስራሽ አይገኝም። ስለዚህ የአስተሳሰሩን ስልት፥ የየነዶውን ስምና የሠሪዎቹን ታሪክ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ መጻፍ ይገባል። ታቦትን በላስታ የሚያከብር ሕዝብ፥ ታንኳን በጣና ሊያውቀውና ሊጠብቀው ይገባዋል እንላለን።