ልቡና እስኪረጋ፦ የካቫና ሕግ ታሪክ

አይሁድ በጸሎት ጊዜ ልቡናን ሰብስቦ በእግዚአብሔር ፊት መቆምን «ካቫና» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1148 አልሞሃዶች ኮርዶባን ሲይዙ በልጅነቱ ለስደት የተዳረገውና ኋላ በግብፅ የተጠለለው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ ያለ ካቫና የተደረሰ ጸሎት ጸሎት አይደለምና ይደገም ሲል በ«ሚሽኔ ቶራ» ደነገገ። ከመንገድ ዝሎ የገባ ሰውም ልቡናው እስኪረጋ እንዳይጸልይ ከለከለ፤ ለዚህም የጥንት ሊቃውንት ሦስት ቀን ሰጥተው ነበር።

በ1565 በቬኒስ የታተመው የዮሴፍ ካሮ «ሹልሐን ዐሩኽ» ግን የዘመኑ ሰው ያን ያህል ልቡን ሰብስቦ ስለማይጸልይ፣ ልብን በሚበትን ሰዓትና ቦታ ያለመጸለዩ ጥንቃቄ መቅረቱን ይመሰክራል። የክራኮው ሞሼ ኢሰርለስም በድጋሚውም ልብ መባዘኑ አይቀርምና ጸሎቱ አይደገም አለ።

በእኛ አስተያየት ይህ ካቫናን መናቅ ሳይሆን ልቡ የባዘነበት ሰው ከጸሎት እንዳይርቅ መጠበቅ ነው። መንገዳችን ከሦስት ቀን አልፎ ዓመታት የፈጀብን እኛ ስደተኞች፣ ልቡናችን እስኪረጋ ብንጠብቅ ኖሮ ከቶ ባልጸለይን ነበር።