እናቴ የሌለችበት አልበም

እናቴ ያረፈችው በ2011 ዓ.ም ጥር ላይ ነው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ታናሽ እኅቴ መጣችና «አያ፣ ለአርባዋ ፎቶዋ ተለቅ ብሎ ይታተም፤ አንተ ዘንድ መቼም አይጠፋም» አለችኝ። እኔም አይጠፋም ብዬ ነበር። ከቤተሰቡ ካሜራ የያዝሁት እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር «ጠጋ ጠጋ በሉ» ስል የኖርሁት እኔ።

ባሕር ዳር ተመልሼ ሦስቱን አልበምና በካርቶን ያለውን ሁሉ ወለል ላይ ዘረገፍሁት። ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ ነው። እናቴ ያለችባቸው አሥራ አንድ ሆኑ። በአራቱ ጀርባዋን ሰጥታለች። በሦስቱ የሚታየው ጀበና የያዘ እጇ ብቻ ነው። በሁለቱ ጎንበስ ብላ እንግዳ ታስታጥባለች። በቀሩት ሁለቱ ደግሞ የጓዳው መቃን ግማሽ ፊቷን ቆርጦታል፤ ቆራጩ መቃኑ ሳይሆን እኔ ነኝ እንጂ። ፊቷ ደህና ሆኖ የሚታይበት አንድም አላገኘሁም።

በመጨረሻ የተገኘው ከአባቴ ሣጥን፣ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የሚበልጥ ጉርድ ፎቶ። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ፊት ለፊት ታያለች። ፍኖተ ሰላም ወስደን ፎቶ ቤት አሳደግነው። ሲያድግ ፊቷ ደበዘዘ፤ የማኅተሙ ጠርዝ ግን ጎልቶ ጉንጯ ላይ ወጣ። ለአርባዋ የተለቀሰው በዚያ ፎቶ ነው።

ይህ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተወኝም። የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ጡረታ ኑሮህ ጻፍልን» ሲሉኝ የመጣልኝም ይኸው ነው፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ፎቶ እንዴት ገባ፣ ማንን አነሳ፣ ማንን ሳያነሳ ቀረ።

ድሮ ለቅሶ ላይ ፎቶ የለም። የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻው ይወጣል፤ በቅሎው ተጭና ሰው ሳይቀመጥባት ትሳባለች፤ አልቃሽም ያንን እያየች ትገጥማለች። ፎቶ የወሰደው የእነዚህን ዕቃዎች ቦታ ነው። አገራችን ካሜራ የገባው በቤተ መንግሥት በር መሆኑን ታውቃላችሁ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በምኒልክ ዘመን፣ ልጆቹ ደግሞ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ለዳሞት ገበሬ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው።

ወደ እኛ አካባቢ ካሜራ በትልቁ የመጣበትን ጊዜ ስፈልግ ዓይኔ የሚያርፈው በ1933 ላይ ነው። ጣልያን የካቲት 25 ቡሬን ለቆ ወጣ፣ ንጉሡ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያኔ ወጀት የምትባለው ከተማችን ፍኖተ ሰላም የተባለችውም ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ በዚያ ስላለፉ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ከዚያ ዘመቻ አንድ ፎቶ በየታሪክ መጽሐፉ ይገኛል። ደምበጫ ምሽግ ላይ ንጉሡ መሃል፣ ሳንድፎርድና ዊንጌት ከግራና ከቀኝ። እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አሳይቼዋለሁ። «እነዚህ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ማን አበላቸው?» ብዬ ግን አንድ ቀን ተማሪ ጠይቄ አላውቅም። መንገድ የመሩት፣ ስንቅ ያቀበሉት፣ በየጎበዝ አለቃቸው ሥር አምስት ዓመት በየጫካው የኖሩት የዳሞትና የቡሬ ሰዎች በዚያ ፎቶ ላይ የሉም። ካሜራ የእንግዳ ዕቃ ነው፤ እንግዳውን አንስቶ ይሄዳል።

እኔም ያው እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት። ፔዳ የገባሁት በ1974 ነው፤ ፔዳና ፖሊ ገና ሳይዋሃዱ። ዜኒት ካሜራ የገዛሁት በሦስተኛው ዓመት፣ ከአንድ የፖሊ ልጅ ላይ ነው፤ ገንዘቡን በስንት ወር ከፍዬ እንደጨረስሁ እሱ ዛሬም ሲያገኘኝ ያስታውሰኛል። ፊልሙ 36 ያነሳል። በዘንድሮ ስልክ አንድ ሰው ምሳ እስኪቀርብ 36 ያነሳ የለም? ያን ጊዜ 36 ማለት ለዓመት በዓል፣ ለአንድ ሰርግና ለአንድ ክርስትና ነው። ስለዚህ ይቆጠባል፤ ሲቆጠብ ደግሞ ማን ይነሳ የሚለው ይመጣል። መጀመሪያ አብረውኝ የመጡ ጓደኞቼ፣ ቀጥሎ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ፣ ከዚያ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻ ልጆች።

አውቶቡሱ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ አድርጎ ማንኩሳ ይጥለናል፤ ከዚያ በእግር ነው። ስኳር፣ ሳሙናና ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ስንመለስ የቡሬ በርበሬ፣ የዳጉሳ ዱቄትና ማር እንጭናለን። የፔዳ ጓደኞቼ ያን ጠላ፣ ያን ዶሮ ዛሬም ያነሱታል። «ሆድዬ ብሉ እንጂ» የምትለው ድምፅ አልረሳችኋትም፤ ስንገናኝ ሁሌ ትሉኛላችሁ። በፎቶዎቹ ላይ ግን ሰሃኑ አለ፣ ጠላው አለ፣ እናንተ እየሳቃችሁ አላችሁ፤ እሷ የለችም። «እማ፣ ነይ አንች ደግሞ ተነሽ» ስላት የምትመልሰው አንድ ነው፤ «እኔን እያየኸኝ ፎቶዬ ምን ያደርግልሃል? ልጆቹን አንሳቸው።» እኔም ዕውነት መስሎኝ ልጆቹን አነሳለሁ። ፊልም መቆጠቡም ደስ ይለኝ ነበር፣ ልዋሽ አይገባም።

ከቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። የአገራችን ሰው ፎቶ በአንድ ፍሬም ውስጥ ደርድሮ ነው የሚሰቅለው፤ ጉርዱ ከሙሉው፣ የሞተው ካለው ጋር ተጠጋግቶ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ፍሬም ባየሁበት ቤት ሁሉ እያንዳንዱ ፎቶ ለምን እንደተነሳ እጠይቃለሁ። ለደስታ የተነሳው ጥቂት ነው። አንዱ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የተነሳ ጉርድ፣ አንዱ ለገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ አንዱ ለሥራ ማመልከቻ የተነሳ ትራፊ ነው። ጉርድ ፎቶ አራት ወይም ስድስት ሆኖ ይታተም የለ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ይወስዳል፤ ቤተሰቡ ዘንድ የሚቀረው የተረፈው ነው።

በኛ ፍሬም መሃል ያለው ግን የታላቅ ወንድሜ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ። እሱ ተራው ደርሶ ሲሄድ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ገባ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፣ ክራቫቱም፤ ከበስተኋላው በቀለም የተሳለ ፏፏቴ አለ። ሰዓቱ ብቻ የጓደኛው ነው፤ እንዲታይለት እጅጌውን ትንሽ ሰብስቦታል። ከዚያ አልተመለሰም። እናቴ ያን ፎቶ አትነካውም፣ አታወርደውምም፤ የቤቱን ጭስ ግን በየሳምንቱ በነጠላዋ ጫፍ ከመስታወቱ ላይ ትጠርገው ነበር። ይህን ስታደርግ ሁልጊዜ አያት ነበር። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነው። አላነሳኋትም።

እንግዲህ ያ የደብተር ፎቶ እንዴት ተነሳ? በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሰዉ ቃዳ በቃዳ ተጨቃጭቆ፣ ቂሙ ገና ሳይበርድ፣ ክልሉ በ1992 የመሬት አስተዳደር አዋጅ አወጣ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጥ ገባ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ይህ ለስንቱ ቤት ምን እንደሆነ ከተማ ያለን ሰዎች ልብ ያልነው አይመስለኝም። ባል ከዚያ በፊት ለመታወቂያም ለምኑም ተነስቷል። ለብዙዋ የገጠር እናት ግን ለብቻዋ ካሜራ ፊት የቆመችበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

እኅቴ እንደነገረችኝ የኛ ቀበሌ ሰዎች የተነሱት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በገበያ ቀን ነው። ፎቶ አንሺው ከከተማ መጥቶ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጠረ፤ ሴቶቹ ተሰልፈው አንዷ የአንዷን ሻሽ ታስተካክላለች። እናቴ ተራዋ ሲደርስ «ልጆቹስ?» አለች አሉ። ልጆች አያስፈልጉም፣ አንች ብቻ ነሽ አሏት። ለዚህ ይሆናል በፎቶው ላይ ዓይኗ እንዲያ የተከፈተው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያላደረግሁትን አንድ አዋጅ በአንድ ቀን አደረገው። አዋጁ ያሰበው ስለ መሬቱ ነው፣ ስለ እሷ መልክ አይደለም፤ ቢሆንም አመሰግነዋለሁ። (በኋላ በመጣው በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው ራሱ ከአየር ላይ ተነሳ። አባቴ ካርታውን አይቶ «እኔ የማላውቀው ወገን አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።)

የተማረ ልጅ ያመጣው ፎቶ እንደሚቀር አድርገን እናስብ ነበር። ነገሩ ተገለበጠብኝ። የ1970ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቼ ዛሬም ጥርት ያሉ ናቸው። ቀጥሎ የመጡት ባለ ቀለሞቹ ወደ ቀይ ሄደዋል፤ ሰዉ ሁሉ ፀሐይ የመታው ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ የካሜራ ስልኮች ያነሳነውማ ከነስልኩ ጠፋ። የአባቴ የመጨረሻ ጥምቀት እንዲያ ሄደብኝ።

ጡረታ የወጣሁት በ2015 ነው። ሐሳቤ ከበጋ እስከ በጋ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ቆላው እየተዘዋወርሁ የየዘመዱን ፍሬም በስልክ ማንሳት፣ ከጀርባው ስም መጻፍ ነበር። ሐምሌ ሲያልቅ ነገሩ ተበላሸ፤ ፍኖተ ሰላም በዚያ ነሐሴ ያየችውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሄድሁት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለለቅሶ። ዘመድ ጥየቃው አሁን በስልክ ሆኗል። ኔትወርክ ሲመጣ የእኅቴ ልጅ ፎቶ ትልካለች፣ ኔትወርክ ሲሄድ የመጨረሻውን ፎቶ ደጋግሞ ማየት ነው።

ወደኛ ልመለስና፣ ለዚህ መጽሔት ከፔዳ ዘመን የቡድን ፎቶ ላኩ ተብለን እኔም አምስት ልኬአለሁ። ከፊት መምህራኑ ተቀምጠዋል፣ ከኋላ እኛ። አራት ዓመት እንጀራ የጋገሩልን የምግብ ቤቱ እናቶች ያሉበት ፎቶ ግን ከኔ ዘንድ የለም። ከናንተ ዘንድ ካለ፣ በደብዛዛውም ቢሆን፣ ለአዘጋጆቹ አድርሱልን፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው አሁንም አይጠፋም።

ለእኅቴ ልጅ አንድ ነገር አዝዣታለሁ፤ በዓል ሲሆን መጀመሪያ ጓዳ ገብተሽ አንሽ። ባለፈው መስከረም የላከችልኝ ይኸው ፊቴ ነው። እኅቴ ምድጃው አጠገብ፣ አንድ እጇ ማሰሻ ይዟል፣ ሌላውን ካሜራው ላይ ዘርግታለች፤ ከመዳፏ በላይ አንድ ዓይኗና ግንባሯ ይታያል። ልጅቱ ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፤ «ነጠላዬን ላምጣ ብላ ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰችም።» ቆይቶ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ፊት ለፊት ታያለች።