ልብ ወለድ ውሸት ነው ወይ?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አብነት፣ ጀበና ቡና እየጠጣን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ልብ ወለዶቼን ሰብስቤ ልሸጣቸው ነው» አለኝ። ንስሐ ገብቶ ሕይወቱን ማስተካከል ጀምሯል፤ ደስ ይላል። «ውሸት እያነበብኩ ጊዜዬን ከማባክን መጽሐፍ ቅዱሴን ባነብ ይሻለኛል» ነው የሚለው። አልተቆጣሁትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ አድርጌዋለሁ። ያኔ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ከሸጥኳቸው ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግን እስቲ ልብ ወለድን ያቆዩልን እነማን ናቸው? «ጦቢያ» ሮም ላይ ከታተመ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን አሳተሙ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠንቅቀው የተማሩ ሰው ናቸው። ስብከት መጻፍ አቅቷቸው አይመስለኝም በምሳሌ የጻፉት።

ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል፤ የአብነት ተማሪ ነበሩ (የሰፈራችን ስም መሆኑ ደስ ይለኛል)። በ1958 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፋቸው ውስጥ በዛብህ ወላጆቹ ሳይጠይቁት ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። እኔ ስለ ስዕለት ስንት ስብከት ሰምቻለሁ! ተሳዩ ሳይሆን የተሳሉት ልጅ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ የጠየቅኩት ግን በዛብህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ልጄ ታሞ የተኛ ጊዜ፣ አንድ ሌሊት «ይዳንልኝ እንጂ አድጎ ይመንኩስልህ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በዛብህ ትዝ አለኝ። ቃሉን ዋጥ አደረግኩና ስለ ራሴ ተሳልኩ። ልጁ ዳነ፤ ስዕለቴን እኔው እየከፈልኩ ነው።

ይህንን ለተማሪዬ ነገርኩት። የናታንንም ጨመርኩለት፦ ንጉሥ ዳዊት ፊት ቀርቦ የተረከው የድሃው ሰውዬ በግ በየትኛውም መንደር የታረደ አልነበረም። ዳዊት ግን በሰማው ታሪክ ተቆጥቶ ሞት ሲፈርድ፣ ለካ የፈረደው በራሱ ላይ ነው። «አድርገሃል» ቢባል ኖሮ ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ እኛም እንደዚያው ነን።

ልጁ ስኒውን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለ። «እሺ ጋሼ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን አልሸጠውም» አለኝ። ሌሎቹን ግን አልማረም። ነጋዴው ጋ ከመውሰድህ በፊት መጀመሪያ እኔ ጋ አምጣቸው ብዬዋለሁ።