ትዕግሥትና ከፍታ፤ የዘላዩ የቫሌሪ ብሩሜል ታሪክ

ሰው ሲያሸንፍ ማየት ሁሉንም ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው ባሸነፈበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ከወደቀም በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን የአንድ ስፖርተኛ ታሪክ አለና ልብ ብለህ ተመልከተው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቫሌሪ ብሩሜል በ1942 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት፣ በሳይቤሪያ ምድር ተወለደ። ሙያው የከፍታ ዝላይ ነበር። በዚህ ውድድር ዘላዩ ሮጦ ይመጣና በአንድ እግሩ ተነሥቶ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመውን ዘንግ ሳይጥል ማለፍ አለበት፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሳተ ከውድድሩ ይወጣል። ሁለት ሰዎች እኩል ከፍታ የዘለሉ እንደ ሆነ ጥቂት የሳተው ይበልጣል።

በ1960 ዓ.ም. በሮማ ኦሎምፒክ ሁሉም ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው አሜሪካዊውን ጆን ቶማስን ነበር፤ ይኸውም በ2.22 ሜትር የዓለም ሪኮርድ ባለቤት ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ቶማስ ከ2.14 ሜትር በላይ ማለፍ ተስኖት ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱ የሶቪየት ዘላዮች፣ ሮበርት ሻቭላካድዜና የ18 ዓመቱ ብሩሜል፣ እኩል 2.16 ሜትር ዘለሉ። ወርቁ ጥቂት ለሳተው ለሻቭላካድዜ ተሰጠ፤ ብሩሜልም ብሩን ይዞ ተመለሰ።

ለአንድ ልጅ እግር ስፖርተኛ የኦሎምፒክ ብር ትልቅ ክብር ነው፤ በዚሁ ረክቶ መቀመጥ ይቻል ነበር። ብሩሜል ግን ወደ ልምምዱ ገባ። ከአሠልጣኙ ከቭላዲሚር ዲያችኮቭ ጋር እየሠራ፣ ከባድ ብረት እያነሣ፣ እግሩን አጠነከረ። በ1961 ዓ.ም. 2.23፣ ቀጥሎ 2.24፣ ቀጥሎም 2.25 ሜትር ዘለለ። በ1962 ዓ.ም. 2.26ና 2.27 ደረሰ። በሐምሌ ወር 1963 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ 2.28 ሜትር አለፈ። የራሱ ቁመት 1.85 ሜትር ነበርና ከራሱ በላይ 43 ሳንቲሜትር ዘለለ ማለት ነው። ስድስቱንም የዓለም ሪኮርዶች ከፍ ያደረገው በአንድ በአንድ ሳንቲሜትር መሆኑን ልብ በል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ብሩሜልና ቶማስ እንደ ገና ተገናኙ። ሁለቱም 2.18 ሜትር ዘለሉ፤ ነገር ግን ጥቂት የሳተው ብሩሜል ስለ ነበረ ወርቁን ወሰደ። በሮማ ወርቅ የነሣው ሕግ በቶኪዮ ወርቅ ሰጠው። በዚያው ቀን የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ብሩሜል በሞተር ብስክሌት ከኋላ ተፈናጦ ሲሄድ አደጋ ደረሰበት፤ እግሩም ተሰባበረ። ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበር። ሐኪሞች ደጋግመው ቀደዱት፤ አጥንቱ ግን አልገጥም ብሎ ዓመታት አለፉ። በ1968 ዓ.ም. ኩርጋን ወደምትባል ከተማ፣ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ወደሚባል ሐኪም ሄደ። ይህ ሐኪም በእግር ዙሪያ የብረት ቀለበቶችን አድርጎ፣ በአጥንቱ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ አሳልፎ፣ የተሰበረውን የሚያገጥምበትንና ያጠረውን የሚያስረዝምበትን ዘዴ ያወጣ ነው። በዚህ ዘዴ አጥንት የሚረዝመው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በሳንቲሜትር ከፍ ያለው ሰው እንግዲህ በሚሊሜትር መታገሥ ግድ ሆነበት።

እግሩ ዳነ፤ ብሩሜልም እንደ ገና ወደ ሜዳ ወጥቶ ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። ሪኮርድ አልነበረም፤ ሜዳይም አላስገኘለትም። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መራመድ የተሳነው እግር 2 ሜትር ከዘለለ፣ ይህ ከ2.28 ያነሰ ሥራ ነውን? አበበ ቢቂላም በ1969 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፍሏል። ሁለቱም የተወሰደባቸውን እያሰቡ ከመቆዘም ይልቅ በቀረላቸው ኀይል ሠሩ።

ብሩሜል በኋላ ብዕር አንሥቶ ልብ ወለድና ቴያትር ጻፈ። የ2.28 ሪኮርዱን በ1971 ዓ.ም. አሜሪካዊው ፓት ማትዝዶርፍ በ2.29 ሜትር ሻረው፤ የአዘላለሙም ስልት በጀርባ በመዝለል ተተካ። እርሱም በ2003 ዓ.ም. በ60 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፤ ሪኮርድ ይሻራል፤ ስልትም ይለወጣል። በፈተና የወደቅህ ወይም በሕመም ከጓደኞችህ ኋላ የቀረህ እንደ ሆነ፣ ትናንት የነበርህበትን ከፍታ እያየህ ዛሬን አታባክን። ዘንጉን ዛሬ በምትችለው ልክ አጋድመው፤ ነገ አንድ ሳንቲሜትር ጨምርበት።