ከአንኮበር ወፍጮ እስከ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ

መኪናን መግዛትና መኪናን ማወቅ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ የሚያዘው ግን የተማረው ብቻ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከሰሜን ሸዋ የተገኘ ታሪክ ነውና ጥቂት ተከታተሉን።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእጅ ጥበብን እጅግ ይወዱ ነበር። ሴቶች ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ በሚደክሙበት በዚያ ዘመን፣ ድሜጥሮስ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ሠራላቸው። ነገር ግን በጊዜው ሸዋን የጎበኙ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ነቀፉት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ። ወፍጮውን የገደለው ጉድለቱ አይደለም፤ አሠራሩን ለሕዝቡ የሚያስረዳ ሰው መታጣቱ ነው እንጂ።

የውሃ ወፍጮ ግን ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። በብዙዎቹ ዘንድ የሚሽከረከረው ድንጋይ ራሱ የእህሉን መውረጃ ይነቀንቃል፤ ድንጋዩ ሲፈጥን ብዙ እህል ይወርዳል፣ እህሉ ሲበዛም ድንጋዩ ይዘገያል። እንግዲህ ያለ ሰው እጅ ራሱን የሚቆጣጠር መኪና ማለት ይህ ነው።

ከዚያም በኋላ በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገብቶ ንጉሥ ምኒልክን ያገለግል ጀመር። በኋላም አዲስ አበባ ላይ ውሃ በቧንቧ ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥት ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ። መደነቅ ግን የዕውቀት በር ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን እንምጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ መኪናዎቹን የሚያዙት ብዙ ሽቦና ሪሌ የተሸከሙ ሣጥኖች የሥራው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር እንደገና መፈታትና መታሰር ስለ ነበረባቸው፣ ሌላ ዘዴ እንዲገኝ ጠየቀ። በሚቀጥለውም ዓመት ዲክ ሞርሊና ባልንጀሮቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን መቆጣጠሪያ አቀረቡ። ፒ ኤል ሲ የሚባለው መሣሪያ ይህ ነው፤ ትእዛዙ የሚለወጠው ሽቦ በመፍታት ሳይሆን በመጻፍ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በቀላሉ እንዲያነቡትም ጽሕፈቱ የለመዱትን የሽቦ ሥዕል በመምሰል እንደ መሰላል ተሠራ።

የተማሪው የመጀመሪያ ትምህርት አጭር ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ሞተሩ ይነሣል፤ ጣት ከቁልፉ ሲነሣም አይቆምም፣ የራሱ መነሣት ራሱን ይዞ ያቆየዋልና። ቀዩ ቁልፍ ግን ኤሌክትሪክ ዘወትር የሚያልፍበት ሆኖ ይታሰራል፤ ይኸውም ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ እንዲቆም ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ሽቦውን በተቃራኒው ቢያስር፣ ሽቦው የተበጠሰ ዕለት ቀዩን ቁልፍ ቢጫኑት ሞተሩ አይቆምም፤ የሠራተኛውም እጅ በአደጋ ላይ ይወድቃል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ደብረ ብርሃን ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎችም አሏት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ጎረቤት ሆነዋልና የቀረው መተዋወቃቸው ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ውል የምትፈርሙ ወገኖቻችን ሆይ፤ መኪናው ሲመጣ የፕሮግራሙ ቅጂ፣ የሽቦው ሥዕልና ለአገራችን ልጆች የሚሰጠው ትምህርት አብረው እንዲመጡ በውሉ አስጽፉ። ይህ ካልሆነ የውጭው ባለሙያ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ እኛም መኪናው በቆመ ቁጥር እርሱን ስንጠብቅ እንኖራለን። የአንኮበር ወፍጮ አንድ ጊዜ ሥራ ፈትቷል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሥራ ቢፈታ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።