ሊማሊሞን ያልወረደው ጥናት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚሄድ መንገደኛ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየቈረጡ ያወጡት ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ያደርሳል፤ ዛሪማም የምትገኘው ከዚያው ከታች ነው። ስለ ሕዝብ ትምህርት የሚደረግ ጥናት ክብደቱ የሚመዘነው ዛሪማን በመሰለ ስፍራ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በ1964 ዓ.ም. የተካሄደውን ታላቁን የትምህርት ጥናት ከዚህ ሆነን ልንመለከተው ወደድን።

የጎንደር ሀገር ሰው ለትምህርት እንግዳ አይደለም። ልጁ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ከአንዱ የቅኔ መምህር ወደ ሌላው፥ ለአቋቋምም ወደ ጎንደር በአታ ሲሄድ ኖሯል። በዚያ ሀገር መማር ማለት ከቤት ወጥቶ መሄድ ማለት ነበር። ይህ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ከከተማ ብዙ አልራቀም። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል፥ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተደነገገ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ግብር የበዛለት ትምህርት ቤት በዛለት፥ ግብር ያነሰውም ትምህርት ቤት አነሰው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት በአዲስ አበባ ስለ ትምህርት ጉባኤ አድርገው፥ በ20 ዓመት ውስጥ ልጆች ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ሲያቅዱ፥ እንግዶቹን የተቀበለችው ኢትዮጵያ ራሷ በተማሪዎች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ መሆኗ ታየ።

በብዙዎች ዘንድ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የ1964ቱ ጥናት የተነሣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ሀገር ሊቃውንት በየክፍሉ ተመድበው ሠሩ። ያገኙትም እውነት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ በከተማ ተከማችቷል፥ ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ይወጣሉ፥ የባላገሩም ልጅ ከደጅ ቀርቷል። ስለዚህ ከኑሮና ከእርሻ ጋር የተያያዘ የ4 ዓመት ትምህርት ለሁሉ እንዲዳረስ፥ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ግን በቁጠባ እንዲሰፋ አሳብ አቀረቡ።

በሒሳብ ረገድ ነቀፋ የለንም፤ ገንዘቡ ከዚህ ለሚበልጥ አይበቃም ነበር። ይሁን እንጂ የዛሪማ አባት ልጁን ከከብት ጥበቃ ለይቶ ትምህርት ቤት የሚሰደው እርሻ እንዲማርለት አይደለም፤ እርሻውንማ ራሱ ያስተምረዋል። የሚሰደው ሊማሊሞን ወጥቶ፥ ደባርቅ ደርሶ፥ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ሠልጥኖ ወይም መምህር ሆኖ ሊያየው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የ4 ዓመት ትምህርት ከገደሉ ሥር የተቋረጠ መንገድ ነበር።

ይህን ከሕዝብ ጋር ለመመካከር ጊዜ ነበረ። ጥናቱ ግን ካለቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይገለጥ ቆየና በ1966 ዓ.ም. ወሬው ሰነዱን ቀደመው። የድኻው ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተወሰነ ተባለ። መምህራኑም ስለ ደመወዛቸውና ስለ ክፍላቸው መጨናነቅ ሠጉ፤ ለራሳቸውም ቢሆን መሥጋታቸው የሚያስወቅስ አይመስለንም። የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ በቤንዚን ዋጋ የተቈጡት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን አቁመው ነበር። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥናቱን አገደ፤ ወሩ ሳያልቅም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የጥናቱ ጥያቄ ግን ከሰነዱ ጋር አልታገደም።

ከዚያ በኋላ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፥ በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. ክርክሩ ልጁ ስንት ዓመት ይማር የሚል ነበር፤ እነዚህ ግን 12ቱንም ዓመት በትምህርት ቤት የቈዩ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የሚያጠና ሰው ሊማሊሞን ወርዶ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ይቀመጥ፤ አንድ ገጽ አንብበው መረዳታቸውን፥ መጽሐፍም በእጃቸው መኖሩን ይመልከት። ረቂቁንም ለሚኒስትሮች ከማቅረቡ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ያንብብላቸው፤ ልጁ ወዴት እንዲደርስለት እንደሚሻም አባቱን ይጠይቅ።